የእብድ ውሻ በሽታ ቁጥጥር በኢትዮጵያ

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) በቫይረስ የሚመጣ፣ የሰውንና የሌሎች አጥቢ እንስሳትን የነርቭ ሥርዓት የሚያጠቃ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በአብዛኛው ውሻ ሲሆን፣ በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። በመላው ዓለም ያለው ግምት 59,000 ገደማ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኛዎቹ የሚሞቱት በአፍሪካና በእስያ ነው።

በሽታውን መቆጣጠር ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያጠቃልላል። አንደኛው የተነከሰውን ሰው ከሞት ማዳን ነው፤ ሁለተኛው በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ እንዳይዘዋወር ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ሕይወት ያተርፋል፣ በሽታውን ግን አይቀንስም። ሰው ለቫይረሱ የመጨረሻ ማረፊያ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ሰው ቢከተብ በውሾች መካከል ያለው ስርጭት አይቋረጥም። በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ገንዘቡ ለረጅም ዘመን ሲወጣ የኖረው በመጀመሪያው ሥራ ላይ ነው።

የበሽታው ጠባይ

ቫይረሱ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። ወደ ሰውነት የሚገባው በንክሻ፣ አልፎ አልፎም እንስሳው ክፍት ቁስልን ወይም የዓይንና የአፍን ስስ ሽፋን ሲልስ ነው። ከገባ በኋላ በነርቮች ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ምልክት እስኪታይ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊታይ፣ ሌላ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ራሱን፣ ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ሰው ቫይረሱ የሚጓዝበት መንገድ አጭር ስለሚሆን ጊዜው ያጥርበታል። ትናንሽ ልጆች ቁመታቸው ከውሻ አፍ ብዙም ስለማይርቅ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ላይ ነው። በበሽታው ከሚሞቱት 10 ሰዎች አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች ናቸው።

ሰው ከተነከሰ በኋላ ተከትቦ መዳን የሚችለው በዚህ የቫይረሱ አዝጋሚ ጉዞ ምክንያት ነው። ክትባቱ ሰውነት መከላከያ እንዲያመርት ያደርጋል፤ መከላከያው ከቫይረሱ ቀድሞ ከተዘጋጀ በሽታው አይነሳም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን ሲከትብ የተጠቀመበት ክፍተት ይኸው ነው። ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ትኩሳት፣ መደንበር፣ ውኃ መፍራት ወይም ሽባነት ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም።

በውሻ ላይ በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ውሻው ያለ ምክንያት ይናደፋል፣ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ ሳይቀር ይነክሳል፣ ከሰፈሩ ርቆ ይባዝናል። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ የሚከተው በዚህ ጊዜ ነው። «እብድ ውሻ» የሚለው ስም የመጀመሪያውን መልክ ብቻ ስለሚያሳይ ሁለተኛው በቀላሉ ይዘነጋል። በሁለቱም መልኮች ውሻው ምልክት ከማሳየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ በምራቁ ቫይረስ ያወጣል፣ ከዚያም በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ሰው የነከሰ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን እንዲጠበቅ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ በ10ኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ በነከሰበት ዕለት ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው።

በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በተደረጉ የግንዛቤ ጥናቶች ረሃብና ውኃ ጥም ውሻን ያሳብዳሉ የሚል እምነት ተመዝግቧል። ውሻ ግን ቫይረሱ ካልገባበት በረሃብም በጥምም በዚህ በሽታ አይያዝም። እምነቱ ተራ ስህተት ቢመስልም በቁጥጥሩ ላይ ውጤት አለው፦ በደንብ የሚበላ ውሻ አያብድም ብሎ የሚያምን ባለቤት ለማስከተብ አይነሳሳም።

ታሪክ

በሽታው በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት የቆዩ የጉዞና የሕክምና መዛግብትን ሰብስበዋል። በአዲስ አበባ በውሾች ላይ የተነሳ የመጀመሪያው የተመዘገበ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. የነሐሴ 1903 ነው። ከተማዋ ያኔ ከተቆረቆረች ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ዘመናዊው ምርመራና የክትባት ምርት የተጀመረው በአዲስ አበባ በፓስተር ኢንስቲትዩት ስም ይጠራ በነበረው ተቋም ነው። ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ አካባቢው ግን አሁንም «ፓስተር» ይባላል። ለአሥርት ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ የተነከሱ ሰዎች ለሕክምና፣ የተጠረጠሩ ውሾች ጭንቅላት ደግሞ ለምርመራ ወደዚሁ ቦታ ይላኩ ነበር። በሽታውን በእርግጠኝነት የሚለየው ከሞተው እንስሳ አንጎል ላይ ናሙና ተወስዶ በልዩ ማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ ነው። የውሻ ጭንቅላት ሳይበላሽ በበረዶ ከሩቅ ወረዳ አዲስ አበባ ማድረስ ቀላል ስላልሆነ፣ በላቦራቶሪ የተረጋገጡት አብዛኞቹ ታማሚ ውሾች የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ሆነው ቆይተዋል። ይህ የሚያሳየው ላቦራቶሪው የት እንዳለ ነው እንጂ በሽታው የት እንደሚበዛ አይደለም።

ተቋሙ ያመርተው የነበረው የሰው ክትባት የፌርሚ ዓይነት የሚባለው፣ ከበግ አንጎል የሚሠራው ነው። ተነካሹ ለ14 ቀናት በየቀኑ ሆዱ አካባቢ ይወጋል፣ ከዚያም ተጨማሪ ማጠናከሪያዎች ይከተላሉ። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ነገር ግን ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ ክትባት አልፎ አልፎ የራሱን የነርቭ ጉዳት ያስከትላል፣ ብቃቱም ዝቅ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት በሴል ላይ በሚመረተው አዲሱ ክትባት እንዲተካ ለረጅም ጊዜ ሲመክር ቢቆይም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2010ዎቹ ድረስ ስትጠቀምበት ከቆዩት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ምክንያቱ ዋጋ ነው፦ የበጉ አንጎል አገር ውስጥ ይገኛል፣ አዲሱ ክትባት ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

የተነከሰ ሰው ሕክምና

የመጀመሪያው እርምጃ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ቀላል ቢመስልም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ብዙውን የሚያጠፋው ይህ እጥበት ነው። ቁስሉ ላይ ቡና፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር መነስነስ እጥበቱን ስለሚያስቀር አይመከርም። ቀጥሎ ክትባቱ በተከታታይ ቀናት ይሰጣል። ንክሻው ቆዳ በስቶ ደም ካወጣ ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው ዝግጁ መከላከያ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ይህ ሁለተኛው መድኃኒት ውድ ነው፣ በብዙ የገጠር ጤና ተቋማትም አይገኝም።

ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አጭር አሰጣጥ ክትባቱን በጡንቻ ሳይሆን በቆዳ ውስጥ፣ በሁለት ቦታ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን መስጠት ነው። በዚህ መንገድ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይበቃል። ቁጠባው የሚገኘው ግን ብዙ ተነካሾች በአንድ ቀን በሚመጡበት ትልቅ ጤና ተቋም ነው። በወር አንድ ሁለት ሰው በሚመጣበት ጤና ጣቢያ የተከፈተው ብልቃጥ ትራፊ በዚያው ዕለት መጣል አለበት።

ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ወጪው የክትባቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ክትባቱ ወዳለበት ከተማ ደጋግሞ መመላለስ፣ ማደሪያ፣ ከልጁ ጋር የሚሄደው ሰው የሚያጣው የሥራ ቀን ሁሉ ይደመራል። ፍየል ወይም በግ ሸጦ የመጣ ሰው ሦስተኛውን ቀጠሮ ሲያስቀር የተለመደ ነው። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቅርቡ ነው፤ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም። ከባህል መድኃኒቶች አንዱ የእንዶድ ሥር ሲሆን፣ ለዚህ በሽታ እንደሚሰጥ በበርካታ የዕፅዋት ጥናቶች ተመዝግቧል። እንዶድ ሲዋጥ መርዛማነት አለው። ጸበል መጠመቅ ክትባትን የሚከለክል ነገር አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ሲቻል አንዱ እስኪያልቅ ሌላው ሲቆይ ነው። ከነከሱት ውሾች ብዙዎቹ በሽታው የሌለባቸው በመሆናቸው፣ ያልተከተበ ሰው በጤና መቆየቱ ለተሰጠው መድኃኒት ሁሉ የማዳን ዝና ይተርፍለታል።

ምልክቱ የጀመረው ሰው ሆስፒታል ቢደርስም ሊደረግለት የሚችለው ሥቃዩን ማስታገስ ብቻ ስለሆነ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ሞቱም በመዝገብ አይሰፍርም። በጤና ተቋማት የሚመዘገበው የሟቾች ቁጥር ከግምቱ እጅግ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ ያነሰው ቁጥርም በበጀት ጊዜ በሽታውን ትንሽ ያስመስለዋል።

ለምን ውሻው

ከተላላፊ በሽታዎች አንጻር የእብድ ውሻ በሽታ ደካማ ተዛማች ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ አካባቢና በሌሎች አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎች እንዳሳዩት፣ አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ከ1.05 እስከ 1.72 ለሚደርሱ ሌሎች ውሾች ነው። ኩፍኝ የያዘው አንድ ሕፃን ካልተከተቡ ልጆች መካከል ከ12 እስከ 18 ያህሉን ሊያስይዝ ይችላል። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ቁጥሩ ከ1 በታች ከወረደ በሽታው ራሱን መተካት አቅቶት ይጠፋል፤ ከ1.72 ወደ 1 ለማውረድ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ከውሾቹ 42 በመቶ ገደማ መከላከያ ቢኖራቸው በቂ ነው።

ታዲያ በሁሉም መመሪያዎች ላይ የሚጻፈው 70 በመቶ ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በውሾች ዕድሜ ላይ ነው። የአፍሪካ ገጠርና ከተማ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ በየዓመቱ ብዙዎች ይሞታሉ፣ በምትካቸው ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። ለምሳሌ 100 ውሾች ባሉበት መንደር 70ው ቢከተቡና በዓመቱ ውስጥ ከ10 ውሾች አራቱ ቢሞቱ፣ ከተከተቡት የሚተርፉት 42 ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር 70 በመቶ የሚፈለገው የዘመቻው ዕለት ሳይሆን የሚቀጥለው ዘመቻ ከመድረሱ በፊት ባለው ዋዜማ ላይ በቂ መከላከያ እንዲኖር ነው። አንድ ዓመት ተዘሎ ከታለፈ ሥራው ከሞላ ጎደል ከዜሮ ይጀመራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የቡችሎች ጉዳይ ነው። በብዙ ቦታ ከ3 ወር በታች የሆኑ ቡችሎች ክትባት አይሰጣቸውም የሚል ልማድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ጊዜ ቡችሎችም እንዲከተቡ ይመክራል። ከውሾቹ ትልቅ ድርሻ ቡችላ በሆነበት መንደር እነሱን ትቶ 70 በመቶ መድረስ አይቻልም፤ ከልጆች ጋር የሚጫወቱትም እነሱ ናቸው።

የንጃሜና ምሳሌ

ዝቅተኛ ገቢ ባለው አገር ይህ ይሠራ እንደሆነ በግልጽ የተፈተነው በቻድ ዋና ከተማ በንጃሜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማዋ ሦስት አካባቢዎች በተደረገ የሙከራ ዘመቻ ክትባቱ በነጻ ተሰጥቶ ከውሾቹ ከ64 እስከ 87 በመቶ የሚሆኑት ተከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ባለቤቶች እንዲከፍሉ ተደረገ፤ የተከተቡት ወደ ሩብ ገደማ ወረዱ። የሁለቱ ውጤት ልዩነት ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚናገር ነው። ክፍያው ዘመቻውን በገንዘብ ይደግፋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በተግባር ግን ዘመቻውን ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ ከሩብ ያነሱ ውሾችን መከተብ የበሽታውን ስርጭት አያቆምምና ወጪው ሁሉ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በመላ ከተማዋ ሁለት ነጻ ዘመቻዎች ተካሄዱ። በመጀመሪያው ከ18 ሺህ በላይ፣ በሁለተኛው ከ22 ሺህ በላይ ውሾች ተከተቡ፤ በሁለቱም ዓመታት ከ70 በመቶ በላይ ተደርሷል። የተከተበው ውሻ ባለ ቀለም የአንገት ማሰሪያ ይታሰርለታል፤ ከዚያ ተመራማሪዎች በመኪና በጎዳናዎች እየዞሩ ማሰሪያ ያላቸውንና የሌላቸውን ውሾች በመቁጠር ሽፋኑን ይለካሉ። ከሁለተኛው ዘመቻ በኋላ በ2014 ለ9 ወር ያህል በከተማዋ አንድም የታመመ ውሻ አልተገኘም። የሰዎችም ተጋላጭነት ቀነሰ።

በ2014 መጨረሻ ላይ ግን በሽታው ተመለሰ። ጥናቱ ያመለከተው ቫይረሱ ከከተማዋ ውጭ እንደገባ ነው። ዘመቻው አልቀጠለም ነበር፣ በከተማዋ ያለው መከላከያም በአዳዲስ ቡችሎች መወለድ እየሳሳ ነበር። ንጃሜና ስርጭቱ በድሃ ከተማ ሊቋረጥ እንደሚችል አረጋገጠች፤ እንዲሁም ብቻዋን የጸዳች ከተማ በዙሪያዋ ካለው ገጠር የተነሳ እንደማትዘልቅ አሳየች።

ነገሩ ሲሰፋና ሲቀጥል የሚያስገኘው ውጤት በላቲን አሜሪካ ታይቷል። ሜክሲኮ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ውሾችን በነጻ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ በሚተላለፍ ሬቢስ የሚከሰትን የሰው ሞት ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ውሻን መግደል

በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደው መንገድ የሚዞሩ ውሾችን ስትሪክኒን በሚባለው መርዝ መግደል ነበር። ዘዴው ፈጣን መስሎ ይታያል፤ ውሾች አነሱ ማለት ንክሻም አነሰ ማለት ይመስላል። በሽታውን ግን አያጠፋም። በጎዳና የሚታየው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አለው፤ ቀን ይዞራል ወይም ይታሰራል፣ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል። የግድያ ዘመቻ ሲሰማ ባለቤቱ ውሻውን ይደብቃል ወይም ወደ ዘመድ ቤት ይወስዳል፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። የተገደለው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ በአዲስ ቡችላ ይሞላል፤ ያ ቡችላ ደግሞ አልተከተበም። መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን ስለማይለይ ቀድሞ የተገኘውንም ሽፋን ይቀንሳል። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በሽታው ሲገባባት እጅግ ብዙ ውሾች ገድላ በሽታውን ማስወጣት አልቻለችም።

የኢትዮጵያ ልዩ እንቅፋቶች

ለዘመቻ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ውሻ አለ?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሚደረገው የእንስሳት ሀብት የናሙና ጥናት ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ግመል፣ ዶሮ፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ውሻ አይቆጠርም። የማይቆጠርበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ አይሸጥም፣ አይታለብም፣ አይታረድም። በግብርና በኩል ሲታይ ምርት ስለሌለው ተረስቷል፤ በጤና በኩል ሲታይ እንስሳ ስለሆነ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። የውሻ ክትባት የሚገዛው የእንስሳት ጤና ዘርፉ ሲሆን፣ ውሻ በመከተቡ የሚቀንሰው ወጪ ግን የጤና ሚኒስቴርና የተነካሾች ቤተሰቦች ነው። ከፋዩና ተጠቃሚው የተለያዩ በመሆናቸው ርካሹ መፍትሔ በማንም በጀት ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። የውሻ ክትባት በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ይታዘዛል፤ መብራት በሌለው ቀበሌ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለም። በዚህ ላይ ከታንዛኒያ ጥሩ ዜና መጥቷል። በዚያ በተደረገ ሙከራ አንድ በስፋት የሚሠራበት የውሻ ክትባት በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ3 ወር ተቀምጦ ኃይሉን እንዳልቀነሰ ታይቷል። ይህ ማለት ክትባቱ ለጥቂት ሳምንታት በመንደር ውስጥ በቀዝቃዛ ሸክላ ዕቃ እንኳ ሊቀመጥና የሠለጠነ የአካባቢው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሊከትብ ይችላል ማለት ነው። የዘመቻ ቀን ያመለጠው ውሻና በኋላ የተወለደው ቡችላ አንድ ዓመት አይጠብቁም።

ሦስተኛው ውሻውን መያዝ ነው። የገጠር ውሻ ለጅብና ለሌባ የሚያዝ ጠባቂ እንጂ በገመድ መሄድ የለመደ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊጨብጠው የሚፈራው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው አብሮት የዋለ የቤቱ ልጅ ነው። ስለዚህ የክትባት ቦታው በእግር በቀላሉ የሚደረስበት፣ ቀኑም ልጆች ከትምህርት ቤት ነጻ የሆኑበት ሲሆን ሽፋኑ ይጨምራል። ልጁ ውሻውን ይዞ መጥቶ «ብር አምጣ» ከተባለ ግን ተመልሶ ይሄዳል።

ቀይ ቀበሮ

ኢትዮጵያ ውስጥ የውሻ ክትባት አንድ ሌላ ነፍስም ይጠብቃል። በአገሪቱ ደጋዎች ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከ500 አዋቂዎች በታች ሲሆን፣ ትልቁ ክፍል የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። ከብት ጠባቂዎች ወደ ደጋው ግጦሽ ሲወጡ ውሾቻቸው ይከተሏቸዋል፤ በሽታውም አብሯቸው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ የተነሳ ወረርሽኝ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገደለ። በ2003 በወብ ሸለቆ ዳግም ሲነሳ በዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛው ያህል አለቁ። በዚያን ጊዜ ከ70 በላይ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ፤ የተመረጡትም ሸለቆውን ከሌሎች መንጋዎች በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት ነበሩ። በሽታው ወደ ቀሪው ተራራ አልዘለቀም። ከ2018 ጀምሮ በባሌ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ መሰጠት ተጀምሯል፤ የአካባቢው ውሾች ክትባትም ጎን ለጎን ይካሄዳል። ለቀበሮ ተብሎ በተደራጀ ዘመቻ ውሻው የተከተበለት የባሌ እረኛ፣ ብዙ የከተማ ነዋሪ ያላገኘውን አገልግሎት አግኝቷል።

ዕቅዶች

እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የጤና፣ የእንስሳትና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ሲመርጡ የእብድ ውሻ በሽታ አንደኛ ሆኗል፤ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኤኪኖኮኮሲስ ተከትለውታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተያዘው ግብ እ.ኤ.አ. በ2030 ከውሻ በሚተላለፍ ሬቢስ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ማድረግ ነው። የክትባት ትብብሩ ጋቪ የተነካሾችን ክትባት በድጋፉ ውስጥ አካትቶ በ2024 ለአገሮች ክፍት አድርጓል፤ ድጋፉ ግን የሰውን ክትባት እንጂ የውሻን አይሸፍንም።

ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ለማገናኘት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ አሠራር በታንዛኒያ፣ በሄይቲና በሌሎችም አገሮች በሥራ ላይ ውሏል። የተነከሰ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ነርሷ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ትደውላለች። ሐኪሙ ውሻውን ፈልጎ ያያል። ጤነኛ ከሆነ ለ10 ቀን እንዲጠበቅ ያደርጋል፣ ተነካሹም ሳያስፈልገው ውድ ክትባት ከመጨረስ ሊድን ይችላል። ውሻው ታሞ ወይም ሞቶ ከተገኘ ደግሞ ናሙና ይወሰዳል፣ በዚያው ሰፈር ማንን ሌላ እንደነከሰ ቤት ለቤት ይጠየቃል። እንዲህ ባለው ጥየቃ ወደ ጤና ተቋም ጨርሶ ያልመጡ፣ ንክሻውንም ለቤተሰብ ያልተናገሩ ልጆች ሊገኙ ይችላሉ።